አንድ ተሳፋሪ ጎድሏል

የካቲት 3

ለተከበሩ እመቤት፣

ደብዳቤዎን የሆቴሉ እንግዳ ተቀባይ አትማ ዛሬ ቁርስ ላይ ሰጠችኝ። አስቀድሜ የጠየቁኝን ልመልስ። አዎ፣ ወላጆችዎ እዚህ ናቸው፤ ሁለቱም ደህና ናቸው። አክስትዎ ቤት አይደሉም፤ አልነበሩምም። እናትዎ ምን ብለው እንደተሰናበቱዎት እኔ አላውቅም፤ በዚያ ነገር እጄ የለበትም። ድርጅታችን ቢሮ መጥተው ቅጹን የሞሉት ራሳቸው ናቸው። «የጤና እክል» በሚለው ሥር ለሁለቱም «የለም» ብለው ፈርመዋል።

እኔ አስጎብኚው ነኝ። ጉብኝቱ የአሥራ ሦስት ቀን ነው። ሦስቱን ቀን እዚህ ከተማ፣ አራቱን የጥንቱ ፍርስራሽ ዘንድ፣ የቀረውን ደሴቶቹ ላይ እናሳልፋለን። ሃያ ሁለት እንግዶች አሉኝ። ሰው እንዳይጠፋብኝ ቀይ ጃንጥላ አጥፌ ወደ ላይ ይዤ ስለምሄድ ስሜ ቀርቶ «ጃንጥላው» ሆኛለሁ። ስሙን ያወጡልኝ አባትዎ ናቸው።

ሠላሳ አንድ ዓመት የረጅም መንገድ አውቶቡስ ሾፌር እንደነበሩ በመጀመሪያው ቀን ሁላችንም አወቅን። ከሾፌራችን ጀርባ ያለውን ወንበር ማንም አይነካባቸውም። አውቶቡሱ ሊንቀሳቀስ ሲል ይነሱና ሰው ይቆጥራሉ፤ በመጨረሻ ደረታቸውን ነካ አድርገው ራሳቸውን ይጨምራሉ፤ ከዚያ «ሞልቷል፣ እንሂድ» ይላሉ። ሾፌራችን መጀመሪያ ቅር ብሎት ነበር። አሁን እሳቸው ካላሉ ሞተር አያስነሳም።

የሰዓት ማማውንና የድሮውን ገበያ አይተን ትናንት ሙዚየም ገባን። ስወጣ አባትዎ የሉም። መንገዱን ተሻግረው የከተማ አውቶቡስ ፌርማታ ላይ አገኘኋቸው፤ የሚጠብቀውን ሰው አሰልፈው፣ ሽማግሌ ሴትዮዋን ከፊት አስቀድመው፣ ዕቃ የያዘውን ወደ ኋላ መልሰው። ሰውም እሺ ብሎ ተሰልፎላቸዋል። እንግዶቼ ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። እናትዎ ግን አልሳቁም። «አባዬ አልጠፋባችሁም ወይ» ብለው ለምን እንደጻፉልኝ ዛሬ ገባኝ።

የእናትዎ ስልክ መልእክት የማይመልሰው ውሃ ውስጥ ወድቆ ነው ብለውኛል። እውነት ይሁን አይሁን አላውቅም። እኔ ማወቅ ያለብኝ ነገር ካለ ግን ይንገሩኝ።

በታላቅ አክብሮት፣
አስጎብኚው


የካቲት 4

ለአስጎብኚው፣

ቶሎ ስለመለሱልኝ እግዜር ይስጥልኝ። ለምን እንደማልደውል ይገርምዎ ይሆናል። ጆሮዬ ከአራት ዓመቴ ጀምሮ አይሰማም። ፊት ለፊቴ ያለውን ሰው ከንፈሩን አይቼ እረዳለሁ፤ ስልክ ደግሞ ከንፈር የለውም።

ለምን መጥቼ አልወስዳቸውም ይሉም ይሆናል። ነፍሰ ጡር ነኝ፤ ሰባት ወሬ ነው። የደም ግፊቴ ከፍ ብሎ ሐኪሙ ከአልጋ እንዳልወርድ ከከለከለኝ ሦስት ሳምንት ሆነ። ይህንንም የምጽፈው ባለቤቴ ትራስ ደርድሮልኝ፣ ኮምፒውተሩን ጭኔ ላይ አስቀምጦልኝ ነው። ካጠገቤ ዘወር ካለ ውሃ የሚያቀብለኝ ሰው የለም።

አባዬ ይረሳል። ሦስት ዓመቱ ነው። ጥዶ ይረሳል፣ ቆልፎ ይረሳል፤ ዘንድሮ ደግሞ የጀመረውን ወሬ መሐል ላይ ይጥለዋል። ሰው የማያውቀው እማዬ ተቀብላ ስለምትጨርስለት ነው። እዚያም እንደዚያ እያደረገች መሆን አለበት። ልብ ይበሉ፤ እሱ ሲጀምር እሷ ናት የምትጨርሰው።

ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ሰው ለሽርሽር ሲያደርስ፣ እሷ ምሳውን ይዛለት መናኸሪያ ድረስ ሄዳ ትመለስ ነበር። ባለፈው ክረምት «እኔን ሳይረሳኝ አብሬው አንድ ቦታ ልድረስ» አለችኝ። እምቢ ያልኳት እኔ ነኝ። አንቺም ደክመሻል፣ እሱም ይጠፋብሻል አልኳት። ከዚያ በኋላ አላነሳችውም። አክስቴ ቤት እሰነብታለሁ ብላ እሱን ይዛ ወጣች።

እባክዎ ይመልሱልኝ። መለመን እንጂ ሌላ የማደርገው የለኝም።


የካቲት 7

ለተከበሩ እመቤት፣

ሦስት ቀን ዝም ስላልኩ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ይመልሱልኝ ብለው ለምነውኝ ነበር፤ አልመለስኳቸውም። እውነቱን ልንገርዎ።

ደብዳቤዎን እንዳነበብኩ እናትዎን ለብቻ አነጋገርኳቸው። እንግዳ ማረፊያው በረንዳ ላይ ነበርን፤ አባትዎ እታች ከሾፌራችን ጋር ጎማ ያያሉ። ማወቄን ስነግራቸው አልካዱም፤ አላለቀሱምም። ቀሚሳቸውን ጉልበታቸው ላይ እያስተካከሉ «ልጄ፣ ለቢሮህ ከነገርክ ነገ ይመልሱናል» አሉኝ። «ቤቱ የትም አይሄድም፤ እደርስበታለሁ። እሱ ግን በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እያለ እየሄደብኝ ነው። የቀረውን ቀን ብቻ ተወኝ።»

ደንባችን ለቢሮ አሳውቅ ይላል። አላሳወቅሁም። ይህን የጻፍኩት በኋላ ላይ አላወቅሁም እንዳልል ብዬ ነው።

ደግሞ አባትዎን ቢያዩዋቸው። ፍርስራሹ ድሮ ትልቅ ከተማ ነበር፤ ዛሬ የቀረው ምሰሶ፣ የውሃ ጉድጓድና በድንጋይ የተነጠፈ መንገድ ነው። እኔ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ስለ ምሰሶዎቹ ነው የማወራው። አባትዎ ግን ምሰሶውን ቀና ብለውም አላዩት። መንገዱ ላይ ቁጢጥ አሉና የጋሪ እግር የፈለፈለውን ድንጋይ በጣታቸው ለኩ። ከዚያ ሁሉንም ጠርተው «ይኼ የመግቢያው መስመር ነው፣ ጠልቋል፤ ያኛው የመውጫው ነው፣ አልጠለቀም። ጭነው ገብተው ባዷቸውን ይወጡ ነበር። የሚበላ ከተማ እንጂ የሚያመርት ከተማ አልነበረም» አሉ። ከመጽሐፍ ያላገኘሁት ነው። ወሬውን ጀምረው ራሳቸው ጨረሱት። እናትዎ ከጥላው ሥር ሆነው አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ይስቁ ነበር።

እናትዎ ትንሽ ደክሟቸዋል፤ ሙቀቱ ነው። ነገ ወደ ባሕሩ እንወርዳለን፤ እዚያ ነፋሻ ነው።

አስጎብኚው


የካቲት 8

«ትንሽ ደክሟቸዋል» ምን ማለት ነው? እማዬ ደከመኝ ብላ አታውቅም። ስትወልደኝ እንኳ ደከመኝ አላለችም ይላል አባዬ። ያዩትን ሳያሳንሱ ይጻፉልኝ።

ስለ መንገዱ የጻፉትን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ለባለቤቴም ድምፅ አውጥቼ አነበብኩለት፤ እኔ ድምፅ አውጥቼ አላነብም፣ ሰው ያፍርብኛል ብዬ። እሺ፣ ይሂዱ። ተሸንፌያለሁ። ከዚህ አልጋ ላይ ሆኜ ማንን አቆማለሁ?

ለአባዬ «ረሱት እንዴ» አይበሉት፤ ያፍራል። ያፈረ ቀን አይበላም። ሲተኛ ጫማውን አልጋው አጠገብ ያስቀምጡለት፤ ካጣው ሊወጣ ነው የሚነሳው። አንድ ነገር ደጋግሞ ከጠየቀዎት እንደ አዲስ ይመልሱለት።

እማዬን ደግሞ በገዛ እጇ ሁለት መስመር ትጻፍልኝ ይበሏት። ፎቶ አንስተው ይላኩልኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም።


የካቲት 13

ለተከበሩ እመቤት፣

በየቀኑ ለጻፉልኝ ደብዳቤዎች መልስ ሳልሰጥ በመቆየቴ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ነፋስ ተነስቶ ባሕሩ ከተዘጋ ዛሬ አራተኛ ቀኑ ነው። ልትወስደን የነበረችው ጀልባም አልመጣችም። እዚህ ጄኔሬተሩ በቀን ሁለት ሰዓት ብቻ ስለሚሠራ ኮምፒውተሩ ጋ ወረፋ አለ።

አባትዎ ደህና ናቸው። ስለ አባትዎ የሰጡኝን ምክር ሁሉ እየተከተልኩ ነው። ጫማቸውን አልጋቸው አጠገብ አስቀምጣለሁ፤ ዓሣም በደንብ ይበላሉ። ጠዋት ጠዋት አባትዎና እኔ ጀልባ ማቆሚያው ድረስ እንሄዳለን። ደሴቲቱ ትንሽ ናት፤ በአንድ ሰዓት ዞረው ይጨርሷታል። አሸዋው ነጭ ነው፤ ውሃው ለብ ያለ ነው፤ ነፋሱ የኮኮናቱን ዛፎች ሁሉ ወደ አንድ ወገን አጉብጧቸዋል። አባትዎ የመኪና መንገድ የሌለበት አገር አይተው ስለማያውቁ «እዚህ ሰው በምን ይሳፈራል» ይላሉ።

በእጅ ይጻፍልኝ ያሉትን በተመለከተ ለጊዜው አልተመቸም።

ሐኪሙ ያለዎትን ያክብሩ፤ ከአልጋ አይውረዱ። ስለ አባትዎ አያስቡ።

አስጎብኚው


የካቲት 13፣ ከሰዓት በኋላ

በደብዳቤህ ውስጥ «አባትዎ» የሚለው አምስት ቦታ አለ። «እናትዎ» የሚለው አንድም ቦታ የለም።

ባለቤቴን ጠየቅሁት፤ ትናንት የቀየረውን አንሶላ ሊቀይር ተነሳ። አክስቴ ከትናንት ወዲያ መጥታለች፤ ለምን እንደመጣች አልነገረችኝም። ከእሱ ጋር ስታወራ ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች፤ ከንፈሯን እንዳላነብ።

አንተ ንገረኝ። አዎ፣ አንተ እያልኩህ ነው። አክብሮቱ አልቆብኛል።


የካቲት 14

እመቤቴ፣

እናትዎ አርፈዋል። የካቲት 11 ጠዋት።

እንዲህ ያለው ነገር ሰው ባጠገብዎ ተቀምጦ የሚነገር እንጂ በደብዳቤ የሚላክ እንዳልሆነ አላጣሁትም። ለባለቤትዎ ያን ዕለት በማረፊያው ስልክ ነግሬያቸው ነበር። ሐኪሙን ጠይቀው ደወሉና «ሁለቱንም አጣለሁ፤ እስክትወልድ እንዳትጽፍላት» ብለው ለመኑኝ። እሺ አልኩ። ዛሬ ደብዳቤዎን በስልክ ሳነብላቸው «ንገራት» አሉኝ። ይህ ሲደርስዎ እጅዎን ይዘው እንደሚሆኑ ቃል ገብተውልኛል።

ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው ከአባትዎ ጋር ጥልቀት የሌለው ውሃ ውስጥ ይሄዱ ነበር። አባትዎ የሆነ ነገር እያወሩላቸው ነበር። ተቀመጡ፤ ያን ያህል ነው። የደሴቲቱ ነርስ ከመቶ እርምጃ እየሮጠች መጣች፤ የቻለችውን ሁሉ አደረገች። እኔም ያለችኝን ሁሉ አደረግሁ። ልባቸው ነው አለችኝ።

ጀልባ አልነበረም። ማቀዝቀዣ ቤትም የለም፤ ሙቀቱ ደግሞ አያቆይም። ባለቤትዎና አክስትዎ ተስማምተው በማግስቱ ከክሊኒኩ ጀርባ፣ የደሴቲቱ ሰዎች መቃብር አጠገብ አሳረፍናቸው። ሃያ አንዱም ቆመው ነበር። የማረፊያው ልብስ አጣቢ ሴትዮ እንደ እህታቸው ሆና አጠበቻቸው።

አንድ የቀረ አለ። ፍርስራሹ ደረጃ ላይ ስንወጣ እናትዎ ግራ ክንዳቸውን በቀኝ እጃቸው ጨብጠው ሁለት ጊዜ ሲቆሙ አይቻለሁ። ውሃ ልስጥዎ አልኳቸው። «ዝም በል፣ እሱ ይሰማሃል» አሉኝ። ዝም አልኩ። እዚያ አካባቢ ሐኪም ቤት ነበር። ለእርስዎ «ትንሽ ደክሟቸዋል» ብዬ የጻፍኩት እሱን ነው።

አባትዎ አብረዋቸው ነበሩ፤ ቀብሩ ላይም ቆመዋል። ግን ከዚያ ሁሉ ምንም አልቀረላቸውም። በየሰዓቱ የት ሄደች ይሉኛል። ሳሎን ናቸው፣ ውጭ ናቸው እያልኩ ቆየሁ። ምን ልበላቸው?


የካቲት 15

ከአልጋ አልወረድኩም። ሁሉም የሚፈሩት እሱን ስለሆነ ልጻፍልህ።

ምን ልበላቸው ትላለህ። ንገረው። እናቴ ስትቀበር የማላውቃት ሴት አጠበቻት፤ የማላውቃቸው ሰዎች ቆሙላት፤ እኔ እዚህ ትራሴ ለምን ዝቅ አለ ብዬ ከባለቤቴ ጋር እጨቃጨቅ ነበር። እኔን ሁላችሁም ተስማምታችሁ ቀማችሁኝ። እሱን አትቀሙት። ሚስቱ ናት።


የካቲት 16

እመቤቴ፣

ነገርኳቸው።

በረንዳው ላይ አስቀምጬ፣ እጃቸውን ይዤ፣ የሆነውን ሁሉ በቅደም ተከተል ነገርኳቸው። ሰምተው ሲጨርሱ ኮፍያቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አኖሩና አለቀሱ። እንደዚያ ሲያለቅስ ያየሁት ሽማግሌ የለም። አብሬያቸው አለቀስኩ። ምሳ ደረሰ፤ በሉ። ከዚያ ቀና ብለው «አንተ ጃንጥላ፣ ባለቤቴ ምሳ አትበላም እንዴ» አሉኝ።

እንደ አዲስ ይመልሱለት ብለውኛልና እንደ አዲስ መለስኩ። እንደ አዲስ አለቀሱ። ከሰዓት በኋላም ጠየቁኝ፤ ለሦስተኛ ጊዜ ነገርኳቸው። እያንዳንዱ የመጀመሪያው ነው። ለእሳቸው ባለቤታቸው ዛሬ ብቻ ሦስት ጊዜ ሞቱ።

አራተኛውን መናገር አቃተኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኛል።


የካቲት 16፣ ማታ

ተወው። በቃ፣ አትንገረው።

እኔ ነኝ ያዘዝኩህ። እውነቱን መንገር ለእሱ ማሰብ መስሎኝ ነበር። አሁን ምን እንደምልህ አላውቅም። የመጣልህን በለው።


የካቲት 18

እህቴ፣

እህቴ ማለቴን ይታገሡኝ።

ዛሬ ከወደቡ ከተማ ነው የምጽፍልዎ። ነገ በአውሮፕላን እንነሳለን፤ አባትዎን ይዤ እቤትዎ ድረስ እመጣለሁ። የእናትዎ ሻንጣ አብሮን የለም፤ ለምን እንደሌለ ልንገርዎ።

ጀልባዋ ትናንት ጠዋት መጣች። ካፒቴኑ ነፋሱ እኩለ ቀን ላይ ተመልሶ ይነሳል፣ ቶሎ በሉ አለን። ሁሉም ተሳፈረ፤ ዕቃው ተጫነ። አባትዎ መወጣጫው ላይ ቆመው መቁጠር ጀመሩ። ደረታቸውን ነክተው ሲያበቁ ፊታቸው ተለወጠ። እንደገና ቆጠሩ። «አንድ ተሳፋሪ ጎድሏል» አሉ። «አንነሳም።»

ካፒቴኑ ወደ እኔ አየ። እንግዶቹ አንገታቸውን ደፍተው ተቀመጡ። እኔ ተጠጋሁና የመጣልኝን አልኩ፤ «ተሳፋሪዋ ወርደዋል።»

«የት ነው የወረዱት?»

«እዚሁ። መውረጃቸው ደርሶ ነው።»

ይህ የሚገባቸው ነገር ነበር። ፊታቸው ሊፈታ ሲል ግን «ዕቃቸውን ወስደዋል?» አሉኝ።

መዋሸት ነበረብኝ፤ አልቻልኩም። አልወሰዱም አልኩ።

ተቆጡ። ዕቃ ሳይወርድ ተሳፋሪ ይወርዳል እንዴ፣ ማን ነው ያስተማረህ አሉኝ። ወደ ጀልባዋ ገብተው ከተከመረው ሻንጣ ሁሉ የእናትዎን መርጠው አወጡ። አልተሳሳቱም። ተሸክመው ወረዱና ማቆሚያው ላይ አቁመው አጠገቡ ቆሙ። ዕቃውን የረሳ ሰው ይመጣል፣ እንጠብቃለን አሉ። ፀሐይ ላይ ቆምን። ጃንጥላዬን ዘርግቼ ያዝኩላቸው፤ በአሥራ አንድ ዓመት ለጥላ ስዘረጋው የመጀመሪያዬ ነው። አንድ ሰዓት ያህል ማንም አልመጣም፤ ማን ይመጣል?

ካፒቴኑ ጥሩምባውን ነፋ። ጥሩምባ ሲሰሙ እግራቸው ራሱ ተነሳ፤ የሠላሳ አንድ ዓመት ልማድ ነው። ሻንጣውን ላነሳ እጄን ስዘረጋ እጄን መቱኝ፤ «የሰው ዕቃ አትንካ።» ተሳፈሩ፣ ቆጠሩ። «ሞልቷል፣ እንሂድ» አሉ።

ከራቅን በኋላም ሻንጣው እዚያው ቆሞ ይታይ ነበር። ነርሷ ወጥታ ስታነሳው አየሁ። ማስመለስ ይቻላል፤ እጽፍላታለሁ። ያን ጊዜ ግን ማድረግ የምችለው አልነበረኝም።


ሐምሌ 6

ወንድሜ፣

ሁለት ደብዳቤ ጽፈህልኝ አንዱንም አልመለስኩም። ያን ቀን እቤቴ ደጃፍ አባዬን አስረክበኸኝ ስትቆምም ግባ አላልኩህም። ሁለቱንም እያሰብኩ አፍራለሁ። አንተ ማለቱ በንዴት ነበር የጀመረው፤ አሁን ወደ እርስዎ መመለስ ከበደኝ። አንተም አንቺ በለኝ።

ልጄ ደህና ናት፤ ሦስት ወሯ ሊሞላ ነው። የሚሰማ ጆሮ አላት። በር ሲዘጋ ትደነግጣለች፤ እኔም እሷን አይቼ በር መዘጋቱን አውቃለሁ።

ከሥራ መሰናበትህን ሰምቻለሁ። ለቢሮህ የጻፈችው አክስቴ ናት። ጽፋ አሳየችኝ፤ አትላኪው ማለት እችል ነበር፤ አላልኩም። ስለ ክንዷ የጠየቅኸኝን ደግሞ እንዲህ ነው። ያን ደረጃ በየቀኑ እወጣዋለሁ። አንዳንድ ቀን ዝም ያልከው አንተ ነህ፤ አንዳንድ ቀን ክረምት ላይ እምቢ ያልኳት እኔ ነኝ። ይቅር ብዬሃለሁ ብልህ ውሸት ነው፤ ቂም ይዤብሃለሁ ብልህም ውሸት ነው። ከዚህ የተሻለ መልስ ቢኖረኝ ቶሎ እጽፍልህ ነበር።

ነርሷ ሻንጣውን ልካልናለች። ያልተከፈተ የፀሐይ መነጽር አለበት።

አሁንም ይጠይቃል ወይ ብለሃል። እስከ ግንቦት ይጠይቅ ነበር። ገበያ ሄዳለች እለው ነበር፤ አክስቴ ቤት ናት እለው ነበር፤ እሱም እሺ እያለ ይጠብቅ ነበር። ከዚያ በየቀኑ የነበረው በሳምንት ሆነ። ሰኔ ከገባ ወዲህ አንድ ቀንም አልጠየቀኝም። ባለቤቴ ተመስገን ይላል። እኔ ግን ያን ዝምታ አልቻልኩትም። ስትጠየቅ በቤቱ ውስጥ ያለች ትመስለኝ ነበር።

ባለፈው እሑድ ከሰዓት በኋላ መስኮቱ ጋ ተቀምጦ መንገድ ያያል። ልጄን አስተኝቼ ፊት ለፊቱ ቆምኩ፤ ከንፈሩ እንዲታየኝ። እንደማይሆን እያወቅሁ አፌ አመለጠኝ።

«አባዬ፣ እማዬ የት ናት?»

ብዙ አየኝ። ማን እንደሆንኩ ያወቀ አልመሰለኝም፤ ግን ማዘኔን አይቷል።

«አንቺም ጠፋችብሽ?» አለኝ።

አዎ አልኩት። ወንበሩ ላይ ፈቀቅ ብሎ ቦታ ለቀቀልኝ። ተቀመጥኩ።